ዉሺን በሦስት ቀን፦ ከታይሁ ሐይቅ እስከ ዱቄት ፋብሪካው

ከአዲስ አበባ ሻንጋይ ቀጥታ በረራ አለ። ብዙ ሰው ሻንጋይ ይገባል፣ ሰማይ ጠቀሱን ሕንፃ ያያል፣ ዕቃውን ይገዛል፣ ይመለሳል። ነጋዴ ከሆነ ደግሞ ወደ ዪዉ ወይም ወደ ጓንግዡ ያልፋል። ከሻንጋይ በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት እንኳ የማይርቀውን ዉሺን የሚያስበው ጥቂት ነው። ይሄ ሁሌም ይቆጨኛል።

ዉሺ በጂያንግሱ ክፍለ ሀገር፣ በታይሁ ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ ያለ ከተማ ነው። ወደ 7.5 ሚሊዮን ሕዝብ ይኖርበታል። አብዛኛው የጉዞ ጽሑፍ ሐይቁን ለብቻ፣ የአትክልት ስፍራዎቹን ለብቻ፣ ፋብሪካዎቹን ለብቻ ያወራል። እዚህ ከተማ ግን ሦስቱ አይነጣጠሉም። ሮንግ ዞንግጂንግ እና ሮንግ ደሸንግ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ዱቄት ፋብሪካ ከፈቱ። ከዱቄቱ ወደ ጥጥ ገቡና ከቻይና ትልልቅ ባለሀብቶች ተርታ ተሰለፉ። በፈረንጆቹ 1912 ደግሞ ሐይቁ አጠገብ ካለ ኮረብታ ላይ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የአትክልት ስፍራ መትከል ጀመሩ። ከተማው በኢንዱስትሪ እየበለጸገ ሲሄድ ሐይቁ ተበከለ። አሁን ደግሞ ከተማው ሐይቁን ለማዳን እየለፋ ነው። ዉሺን በዚህ ዓይን ካያችሁት ሦስት ቀን አይበዛበትም። መመሪያውንም ያዘጋጀሁት በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

1. ወቅቱን ምረጡ

የጉዟችሁን ግማሽ የሚወስነው ይሄ ነው። የቼሪ አበባ ለማየት ከመጋቢት አጋማሽ እስከ መጋቢት መጨረሻ ሂዱ፣ በፈረንጆቹ ከማርች 20 እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ማለት ነው። አበባው ግን የአየሩን ሁኔታ ተከትሎ ቀደም ወይም ዘግየት ይላል። የፕሪም አበባ ከዚያ ይቀድማል፤ በየካቲት ብርዱ ገና ሳይወጣ ይፈነዳል።

ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ዝናቡ አያባራም። ከዚያ በኋላ ያለው ሙቀት ለአዲስ አበባ ሰው ከባድ ነው። 35 ዲግሪ ያልፋል፣ ከነወበቁ። በዚህ ጊዜ የሚያስደስተው የያንግሻን ኮክ ነው። ልጣጩ በጣት ይላጣል፣ ጭማቂው እስከ ክርን ይወርዳል። ሐምሌ ላይ ከሄዳችሁ ሳትቀምሱት እንዳትመለሱ።

ለእኔ ምርጡ ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሰውም ይቀንሳል። የኦክቶበር የመጀመሪያ ሳምንት ግን የቻይናውያን ብሔራዊ በዓል ስለሆነ ባቡሩም ሆቴሉም ይጨናነቃል። ያን ሳምንት ዝለሉት።

2. ቪዛ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛ ያስፈልገዋል። ለጉብኝት የቱሪስት ቪዛ ነው፤ ፋብሪካ ለማየት ወይም ለንግድ ከሆነ ደግሞ ከቻይናው ድርጅት የግብዣ ደብዳቤ አምጥታችሁ የንግድ ቪዛ ትጠይቃላችሁ። ቱሪስት ነኝ ብሎ ገብቶ የንግድ ውል መፈራረም ጣጣ ያመጣል። ከመነሻው የምትሄዱበትን ጉዳይ በትክክል ሙሉ። ፓስፖርታችሁ ቢያንስ የስድስት ወር ዕድሜ ይኑረው። የበረራና የሆቴል ማስያዣ አዘጋጁ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከኢትዮጵያ ለሚነሳ ሰው ግድ ስለሆነ ከፓስፖርቱ ጋር ይቀመጥ።

የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የእንግሊዝ ፓስፖርት ያላችሁ ሌላ መንገድ አላችሁ። ቻይና ከዲሴምበር 2024 ጀምሮ በርከት ላሉ አገሮች ዜጎች የ240 ሰዓት ከቪዛ ነጻ የትራንዚት ፈቃድ ትሰጣለች። ዋናው ሁኔታ ከአንድ አገር መጥታችሁ ወደ ሌላ ሦስተኛ አገር የምትቀጥሉ መሆን አለባችሁ። ለምሳሌ ከአሜሪካ ተነስቶ በሻንጋይ አድርጎ አዲስ አበባ ዘመድ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ይችላል። ከአሜሪካ ሻንጋይ ደርሶ ወደ አሜሪካ የሚመለስ ግን አይችልም። ሻንጋይም ጂያንግሱም በፈቃዱ ክልል ውስጥ ናቸው። የጀርመን፣ የጣሊያን ወይም የኖርዌይ ፓስፖርት ላላቸው ደግሞ የ30 ቀን ከቪዛ ነጻ መግቢያ ተፈቅዶ ቆይቷል። ደንቡ ይለዋወጣል፣ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የኤምባሲውን ድረ ገጽ እዩ።

3. ስልካችሁን ከአገር ሳትወጡ አዘጋጁ

ቻይና ውስጥ ስልኩ ያልተዘጋጀ ሰው ውኃ መግዛት ያቅተዋል ብል ማጋነን አይደለም። እዚህ ጋ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

መጀመሪያ አሊፔይ የሚባለውን የክፍያ መተግበሪያ ጫኑ። በፓስፖርታችሁ ተመዝገቡና ከአገር ውጭ የሚሠራ የቪዛ ወይም የማስተርካርድ ካርድ አስገቡ። ካርዱ በውጭ አገር ለኢንተርኔት ክፍያ ክፍት መሆኑን ባንካችሁን ጠይቁ፤ አብዛኛው ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ማረጋገጫ ኮድ በኤስኤምኤስ ስለሚመጣ የባንክ ስልክ ቁጥራችሁ ቻይና ውስጥም መልእክት መቀበል አለበት። በአንድ ጊዜ ከ200 ዩዋን በታች ስትከፍሉ ተጨማሪ ክፍያ የለም፤ ከዚያ በላይ ሲሆን 3 በመቶ ይጨመራል። ዊቻትንም በተመሳሳይ መንገድ አዘጋጁ፤ አንዱ እንቢ ሲል ሌላው ይሠራል። ለማንኛውም ጥቂት መቶ ዩዋን በጥሬው ኪሳችሁ ይኑር።

ሁለተኛው ኢንተርኔት ነው። ጎግል፣ ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ፌስቡክና ዩቲዩብ በቻይና ኔትወርክ አይከፈቱም። በአገራችሁ ቁጥር ሮሚንግ ከተጠቀማችሁ ወይም ከመነሳታችሁ በፊት ለተጓዥ የሚሸጥ ኢ-ሲም ከገዛችሁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይሠራሉ። የሆቴል ዋይፋይ ላይ አይሠሩም። ቤተሰብ እንዳይጨነቅ ይህን አስቀድማችሁ ንገሩ።

ለካርታ ጎግልን እርሱትና አማፕን ጫኑ፤ የእንግሊዝኛ ገጽ አለው። ለታክሲ ዲዲ በአሊፔይ ውስጥ ይገኛል። የትርጉም መተግበሪያችሁ ላይ የቻይንኛ ቋንቋውን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አውርዱት። የሆቴላችሁን ስምና አድራሻ በቻይንኛ ፊደል ስክሪንሾት አድርጋችሁ ያዙ። ፓወር ባንክ የግድ ነው፤ ስልኩ ከጠፋ ገንዘባችሁም ካርታችሁም አብሮ ይጠፋል።

4. ከሻንጋይ ወደ ዉሺ

የባቡር ቲኬት 12306 በሚባለው የባቡሩ መሥሪያ ቤት መተግበሪያ ይገዛል፤ በእንግሊዝኛም ይሠራል። ሽያጩ የሚከፈተው ከጉዞው 15 ቀን በፊት ነው። ስማችሁን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ ፊደል ሳትቀንሱ ጻፉ። የአያት ስም እየተቀላቀለ ብዙ ሐበሻ ይቸገራል፤ የተረጋገጠ ምዝገባ ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል አገር ቤት ሆናችሁ ጨርሱት። ወረቀት ቲኬት የለም፣ ፓስፖርታችሁ ራሱ ቲኬት ነው። በሩ ላይ ማሽኑ ካላነበበው ሠራተኛ ወዳለበት መስመር ሂዱ።

ከፑዶንግ አየር ማረፊያ ወደ ሆንግቺያዎ ባቡር ጣቢያ ለመድረስ ሁለት አማራጭ አለ። ሜትሮ መስመር 2 ርካሽ ነው፣ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። በዲሴምበር 2024 የተከፈተው የአየር ማረፊያዎች ማገናኛ ባቡር 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ሻንጣ ከያዛችሁ ሁለተኛውን እመክራለሁ።

ቲኬት ስትቆርጡ ጣቢያውን በደንብ እዩ። "ዉሺ" የሚለው ከተማው መሐል ነው፤ ሜትሮ መስመር 1 እና 3 ያገኙታል። "ዉሺ ምሥራቅ" ከመሐሉ ራቅ ይላል፤ በመስመር 2 ትገባላችሁ። ሁለቱም ያደርሳሉ፣ ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው "ዉሺ" የሚለውን ይምረጥ።

ማደሪያ በናንቻን ቤተ መቅደስ ወይም በሳንያንግ አደባባይ ሜትሮ አካባቢ ያዙ። ሳንያንግ ላይ መስመር 1 እና 2 ይገናኛሉ፤ ከናንቻን ደግሞ የድሮው ቦይ በእግር ነው። ሆቴሉ ፓስፖርታችሁን ፖሊስ ዘንድ ራሱ ያስመዘግባል። ሰው ቤት ካደራችሁ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ በአቅራቢያ ያለ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ መመዝገብ አለባችሁ።

5. የመጀመሪያው ቀን፦ ሐይቁ

በጠዋት ወደ ዩዋንቶዉዡ ሂዱ። ወደ ሐይቁ ጭንቅላቱን የወጣ ኤሊ የሚመስል ባሕረ ገብ መሬት ነው፤ በታክሲ ወይም ከባቡር ጣቢያው በሚነሳ አውቶቡስ ይደረሳል። ቲኬቱ መቶ ዩዋን ገደማ ነው፤ በቼሪ ወቅት በቅድሚያ ይገዛል። ወደ 30,000 የሚጠጉ የቼሪ ዛፎች አሉት። የቻይናና የጃፓን ወዳጆች በ1988 በጋራ መትከል የጀመሩት የቼሪ ደንም እዚሁ ነው።

በአበባው ወቅት በሩ ሲከፈት ድረሱ። አራት ሰዓት ካለፈ ፎቶ የሚነሳው ሕዝብ መራመጃ አይሰጥም። ከውስጥ ጀልባ ይዛችሁ ወደ ሳንሻን ደሴቶች ተሻገሩ፤ የጀልባው ዋጋ ከመግቢያው ጋር መደመሩን ስትገዙ አረጋግጡ። በብርዱ ወራት ከሄዳችሁ ከሰሜን የሚመጡ ቀይ መንቁር ያላቸው የውኃ ወፎች ጀልባውን ተከትለው ይበራሉ።

ጀልባው ላይ ሳላችሁ ውኃውን እዩት። ታይሁ ከ2,300 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፣ በአማካይ ጥልቀቱ ግን ሁለት ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ውኃ የሰው ቁመት ይለካዋል። ጥልቀት የሌለው ውኃ ቶሎ ይሞቃል፤ ከፋብሪካ፣ ከእርሻና ከከተማ የሚገባውም ቆሻሻ አይቀጥንበትም። በሜይ 2007 መጨረሻ አረንጓዴ አልጌ ሐይቁን ሸፈነው። የከተማው የቧንቧ ውኃ ገማ፤ ወደ ሁለት ሚሊዮን ሕዝብ የሚጠጣው አጣ፤ የታሸገ ውኃ ከየሱቁ አለቀ። በዚያው ዓመት ዉሺ ለእያንዳንዱ ወንዝ በስሙ የሚጠየቅ ባለሥልጣን መደበ። ወንዙ ከቆሸሸ ተጠያቂው እሱ ነው። አሠራሩ ውጤት ስላሳየ ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ በመላ ቻይና ተግባራዊ ሆነ። ችግሩ ጨርሶ አልጠፋም፤ በሙቀት ወራት ዳርቻው ላይ አረንጓዴ ነገር ሊታያችሁ ይችላል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሊሁ ውረዱ። የታይሁ የውስጥ ክንድ ነው። ዳርቻው ተጠርጎ ለእግረኛ ተሠርቷል፣ በነጻ ነው። አመሻሽ ላይ ከልጅ እስከ አዋቂ እዚያ ይወጣል። የሊ አትክልት ስፍራም አጠገቡ ነው፤ ውኃው ዳር የተዘረጋውን ረጅም ባለ መስኮት መተላለፊያ ለማየት አንድ ሰዓት ይበቃል።

6. ሁለተኛው ቀን፦ ጂቻንግ እና የድሮው ሰፈር

አንድ የአትክልት ስፍራ ብቻ የማየት ጊዜ ያለው ሰው ጂቻንግን ይይ። ሜትሮ መስመር 4ን ይዛችሁ ሁይሻን ጥንታዊ ከተማ ላይ ውረዱ። የድሮው ሰፈር በነጻ ይገባል፤ ጂቻንግ ላለበት ክፍል ግን ቲኬት አለ።

ቺን የሚባል ቤተሰብ በሚንግ ሥርወ መንግሥት፣ ከ1506 እስከ 1521 ባሉት ዓመታት ውስጥ መሠረተው። እስከ 1952 ለመንግሥት እስኪሰጥ ድረስ ከቤተሰቡ እጅ ብዙም አልወጣም። ንጉሠ ነገሥት ካንግሺና ንጉሠ ነገሥት ቺያንሎንግ ደቡቡን ሲጎበኙ ደጋግመው መጥተውበታል። ቺያንሎንግ በጣም ስለወደደው ቤጂንግ በሚገኘው የበጋ ቤተ መንግሥት ውስጥ አምሳያውን አሠራ። ዋናው ግን ይሄ ነው፤ ስፋቱም አንድ ሄክታር ገደማ ብቻ ነው።

ትንሽ ስለሆነ ብዙ ሰው በ20 ደቂቃ ዞሮ ይወጣል። እንደዚያ አታድርጉ። እንዲህ እዩት።

ከኩሬው ሰሜናዊ ዳርቻ ቁሙና ወደ ደቡብ ምሥራቅ ቀና በሉ። ከዛፎቹ በላይ፣ ሺሻን ኮረብታ ጫፍ ላይ የቆመው የሎንግጓንግ ማማ ይታያችኋል። ማማው የአትክልቱ አካል አይደለም፣ ከግንቡ ውጭ ነው። አትክልቱን የነደፉት ሰዎች ግን ዛፉንና ጣሪያውን ያስቀመጡት ማማው ከውስጥ ያለ እንዲመስል አድርገው ነው። ነፋስ ከሌለ ኩሬው ውስጥም ጥላው ይወድቃል። ከጎረቤት ተራራ እይታ ተበድረው አንዱን ሄክታር አሰፉት።

ከዚያ ወደ ሰሜን ምዕራብ ጥግ ሂዱና ከቢጫ ድንጋይ በተካበው ጠባብ ሸለቆ ግቡ። መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ግራና ቀኙ ከራስ በላይ ነው። እግራችሁ ሥር ቀጭን ውኃ ይወርዳል። ቆም በሉ፣ ስልኩን ኪሳችሁ አድርጉ፣ ስሙ። ውኃው እየተንጠባጠበ፣ እየሰፋ፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ በየጥቂት እርምጃው ድምፁ ይለያያል። ይሄ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ ድንጋዩ የተደረደረው ድምፁን ለማውጣት ነው። በጠዋት ካልሄዳችሁ ግን የአስጎብኚዎች ድምፅ ማጉያ ይሸፍነዋል።

ውኃው የሚመጣው እዚያው አጠገብ ካለ ምንጭ ነው። በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የነበረው የሻይ ሊቅ ሉ ዩ ለሻይ ከሚሆኑ ውኃዎች ሁለተኛ ደረጃ የሰጠው ምንጭ ነው። የዉሺ ልጅ የሆነው ዓይነ ስውሩ ሙዚቀኛ አ ቢንግም ዝነኛ ዜማው በዚሁ ምንጭ ስም ነው የሚታወቀው። በየመንገዱ እየተጫወተ የኖረ ድሃ ሰው ነበር፤ ድምፁ የተቀረጸው በ1950፣ በሞተበት ዓመት ነው። መሣሪያው ኤርሁ ይባላል። የመሲንቋችን ዘመድ በሉት፣ ክሩ ሁለት መሆኑ ነው ልዩነቱ። ሰፈሩ ውስጥ ሲጫወቱ ካገኛችሁ ቁጭ ብላችሁ ስሙ።

ከምሳ በኋላ የቀድሞ ቤተሰቦች የመታሰቢያ አዳራሾችንና የሸክላ አሻንጉሊት የሚሠሩ ባለሙያዎችን እዩ። ወፍራም ጉንጭ ያላቸው የሁይሻን ሕፃናት የከተማው መለያ ናቸው፤ ለስጦታ ጥሩ ናቸው፣ በሻንጣ ውስጥ ግን በልብስ ጠቅልሏቸው።

ማታ ናንቻንግ ጎዳና። የታላቁ ቦይ መንገድ ነው። ቦዩ በ2014 በዩኔስኮ ቅርስነት ተመዝግቧል። ቺንግሚንግ ድልድይ ላይ ቆማችሁ መብራቱን ካያችሁ በቂ ነው፤ ሱቆቹ የትም ያሉ ናቸው።

7. ሦስተኛው ቀን፦ ዱቄቱ ያፈራው

ሜትሮ መስመር 2ን እስከ ምዕራቡ ጫፍ ይዛችሁ ሂዱ። ሜይዩዋን እዚያ ነው፤ ከላይ የነገርኳችሁ የሮንግ ወንድማማቾች የተከሉት የፕሪም አትክልት። ለእናታቸው መታሰቢያ ያሠሩት ማማ ኮረብታው ላይ ቆሟል። ከየካቲት ወቅት ውጭ ከሄዳችሁ አበባው የለም፣ ግን ጸጥታው ያሳርፋል።

ከዚያ በታክሲ ወደ ማኦሺን ዱቄት ፋብሪካ ሂዱ። የእነሱው ፋብሪካ ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ተሠርቶ አሁን የቻይና ብሔራዊ ኢንዱስትሪና ንግድ ሙዚየም ሆኗል። ቦዩ ዳር መሆኑን ልብ በሉ። ስንዴው በጀልባ ይገባል፣ ዱቄቱ በጀልባ ይወጣል። የቆዩት የዱቄት ማሽኖች ውስጥ አሉ። ጠዋት አትክልቱን፣ ከሰዓት ፋብሪካውን በአንድ ቀን ማየት ያለባችሁ ለዚህ ነው፤ አንዱ የሌላውን ምንጭ ያሳያል። አብዛኛው የቻይና ሙዚየም ሰኞ ዝግ ስለሆነ ቀናችሁን በዚያ መሠረት ቁጠሩ።

ዘመናዊው ኢንዱስትሪ ለጎብኚ ክፍት አይደለም፣ ግን ምን እንዳለ ማወቁ ከተማውን ያስረዳችኋል። በአዲሱ ወረዳ የደቡብ ኮሪያው ኤስኬ ሃይኒክስ የኮምፒውተር ማስታወሻ ቺፕ ያመርታል። ብሔራዊው የሱፐር ኮምፒውተር ማዕከል ውስጥ ያለው ሰንዌይ ታይሁላይት በጁን 2016 የዓለም ፈጣኑ ተብሎ እስከ 2018 መሪነቱን ይዞ ቆይቷል። ስሙን የወሰደው ከሐይቁ ነው፤ 40,960 አንጎለ ኮምፒውተሮቹም ቻይና የተነደፉ ናቸው።

ለእኛ ቅርብ የሚሆነው ግን ሌላው ነው። ድሬዳዋ ላይ ኢንቨስት ካደረጉ የቻይና ጨርቃ ጨርቅ ድርጅቶች አንዱ መነሻው የዉሺ ጥጥ ፋብሪካ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክልና ብስክሌት አምራቹ ያዲያ ዋና መሥሪያ ቤቱም እዚሁ ነው። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ማስገባት ካገደች ወዲህ የኤሌክትሪክ ነገር የሚፈልግ ነጋዴ በዝቷል። ይህ ሥራ ያላችሁ ከሆነ ከመሄዳችሁ ከሦስት አራት ሳምንት በፊት ለፋብሪካው ጻፉ፤ በር ላይ ሄዶ ማንኳኳት አይሠራም። የፋብሪካውን የንግድ ፈቃድ ጠይቁና ስሙ ገንዘብ ከምትልኩበት የባንክ ሒሳብ ስም ጋር መግጠሙን አረጋግጡ። የሚሞላበት ቮልቴጅና የመለዋወጫ አቅርቦቱ በውሉ ላይ ይጻፍ። ናሙና ብላችሁ የሞተር ሳይክል ባትሪ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ፤ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም።

8. ምግብ

የዉሺ ምግብ ጣፋጭ ነው፣ ማለቴ ስኳር አለበት። በስኳርና በአኩሪ አተር ድልህ የበሰለ የጎድን አጥንት የከተማው ኩራት ነው፤ ሥጋው ግን የአሳማ ነው። በእንፋሎት የሚበስለው ሾርባ ያዘለ ሊጥም ውስጡ በብዛት አሳማ ነው። ይህን የማይበላ ሰው "አሳማ አልበላም" የሚለውን በቻይንኛ ፊደል ስልኩ ላይ አስቀምጦ ያሳይ። ሙስሊም ወገኖች ምልክቱ ላይ "ቺንግዠን" የሚል፣ ብዙ ጊዜም የዐረብኛ ጽሑፍ ያለበት ቤት ይፈልጉ፤ በእጅ የሚሳበው የላንዡ ፓስታ ቤት በየሰፈሩ አለ።

ጾም ላይ ለሆነ ሰው የቡድሂስት ቤተ መቅደሶች መልካም ናቸው። "ዎ ቺ ሱ" ማለት ሥጋ አልበላም ነው። በአትክልትና በእንጉዳይ የሚሠራው ፓስታቸው ያጠግባል። ተራ ምግብ ቤት ውስጥ ግን እንቁላልና የአሳማ ስብ ሳይነገራችሁ ሊገባ ስለሚችል ለይታችሁ ጠይቁ። ከስንዴ ሊጥ የሚጠበሰው ክብ ምያንጂንም የዉሺ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሥጋ ስለሚሞሉት ባዶውን እዘዙ።

"የታይሁ የዱር ዓሣ" የሚላችሁን አትመኑ። ከኦክቶበር 2020 ጀምሮ ሐይቁ ላይ ለ10 ዓመት ዓሣ ማጥመድ ታግዷል። የሚቀርብላችሁ የእርባታ ነው፤ ጣዕሙ ደህና ነው፣ ለዱር ዓሣ የሚጠየቀውን ዋጋ ግን አትክፈሉ።

9. አራተኛ ቀን ካላችሁና ስትመለሱ

ቀን ከተረፋችሁ ሊንግሻን ሂዱ። በ1997 የተመረቀው የነሐስ ቡድሃ 88 ሜትር ነው። ከከተማው ራቅ ስለሚል ሙሉ ቀን ይበላል፤ ቲኬቱም ከሌሎቹ ይወደዳል። ሦስት ቀን ብቻ ላለው ሰው አልመክረውም።

መመለሻው ላይ ሰዓታችሁን ከአውሮፕላኑ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ፑዶንግ ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ከሆንግቺያዎ ፑዶንግ በሜትሮ ከሆነ ሁለት ሰዓት ያዙለት። ከዉሺ ሆንግቺያዎ ባቡሩ ከ30 እስከ 50 ደቂቃ ነው፣ ጣቢያው ላይ ግን ፍተሻ ስላለ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ተገኙ። ስለዚህ በረራችሁ እኩለ ሌሊት ገደማ ከሆነ ከዉሺ ከቀኑ 11 ሰዓት ሳያልፍ ተነሱ። የባቡር በር ከመነሻው ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብሎ ይዘጋል፤ አንዴ ከተዘጋ አይከፈትም።